አከራዬ «ቦርሳው ይውጣ» ብለውኛል፤ የአሳ ማጥመጃ ዕቃ ሽታ በምን ይለቃል?

ተከራዩ፦

ሰላም ናችሁ ወገኖች። ሳላስረዝም ወደ ጉዳዬ ልግባ።

ቅዳሜ ሲመቸኝ አሳ ላጠምድ እወጣለሁ። ብዙ ጊዜ ላንጋኖ፣ አንዳንዴ ባቱ። የምይዘው ቆሮሶና አምባዛ ነው። ሲቀናኝ ማለቴ ነው። አሳው በራሱ ችግር የለበትም። እዚያው ይጸዳል፣ በፌስታል ታስሮ ይመጣል፣ ማታውኑ ተጠብሶ ያልቃል። ጣጣው ዕቃው ላይ ነው። ሁለት ዘንግ አለኝ። ማንሻ መረብ፣ አይስቦክስ፣ መንጠቆና ክሩን የሚያሰጥመውን እርሳስ የምይዝባት የፕላስቲክ ሳጥን፣ ሁሉንም የሚሸከም የሸራ ቦርሳ። እና ይከረፋሉ። ማለዘቢያ ቃል አልፈልግለትም።

የምኖረው ሰርቪስ ቤት ተከራይቼ ነው። ክፍሏ ሦስት በአራት ናት። አልጋዬም፣ ምድጃዬም፣ ማጥመጃዬም እዚያችው ናቸው። ውጭ እንዳላሳድረው የሰፈሩ ድመቶች አሉ። አንድ ሌሊት በረንዳ ላይ ባሳድረው ጠዋት የቦርሳው ጎን ተቧጭሮ፣ ዚፑ ተገንጥሎ አገኘሁት።

አከራዬ እማማ ደግ ሰው ናቸው። ኪራይ ባዘገይ እንኳ ፊታቸው አይለወጥም። ግን አሁን ሁዳዴ ነው። እሳቸው ደግሞ በጾም አሳ ከማይቀምሱት ወገን ናቸው። ቡና ሲያፈሉ እጣኑን ከወትሮው እጥፍ ሲጨምሩ ነገሩ ገብቶኝ ነበር። ባለፈው እሑድ በግልጽ ነገሩኝ። «ልጄ፣ አንተን ማን ጠላህ። ያ ቦርሳህ ግን እስከ ፋሲካ ሌላ ቤት ይፈለግለት።»

አጋነኑ እንዳትሉ ሌላም ምስክር አለኝ። ከባቱ በሚኒባስ ስመለስ ረዳቱ «አሳ የያዘው ማነው? ጣራ ላይ ይውጣ!» አለ። ያን ቀን አንድም አሳ አልያዝኩም ነበር። የሸተተው ባዶው ዕቃ ነው። ንፋስ ይመታናል ብለው መስኮት የማያስነኩ እናቶች ራሳቸው ተነስተው መስኮት ከፈቱ። እንግዲህ ፍርዱን ለእናንተ።

እስካሁን በፈላ ውሃና በኦሞ አጥቤዋለሁ። ሲደርቅ ደህና ይመስላል። ትንሽ እርጥበት ሲነካው ግን ሽታው ካቆመበት ይቀጥላል። አንድ ጓደኛዬ በረኪና ውስጥ ዘፍዝፈው ይለኛል። ሌላው ሽቶ ንፋበት አለኝ። ሽቶውን ሞክረነዋል። ሽቶና አሳ አንድ ላይ ሆነው ክፍሏን ሲሞሉ ምን እንደሚመስል አልገልጽላችሁም።

አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ውሃ የሚመጣልን በፈረቃ ነው፣ በሳምንት ሁለት ቀን። ስለዚህ «ቧንቧ ክፈትበትና ደህና አድርገህ እጠብ» የሚለው ምክር ለኔ አይሆንም። የዘንጎቹ እጀታ ቡሽ ነው፣ መረቡ ናይለን ነው። መልሱን ሱቅ ሄጄ በማገኘው ዕቃ አድርጉልኝ። ከውጭ አስመጣ የምትሉኝ አደራ።

ፍላሽ፦

ወይራ አጢነዋ! የጠላ ጋን እንኳ በወይራ ታጥኖ ስንት ሰው ያስደስታል። ዘንግህ ከጋን በምን ያንሳል? እማማም ደስ ይላቸዋል።

አሮጌው ዘንግ፦

ፍላሽ፣ ጋኑ እኮ መጀመሪያ በግራዋ ተፈትጎ፣ ተለቅልቆ ጸድቶ ነው የሚታጠነው። ሳይታጠብ የሚታጠን ጋን አይተህ ታውቃለህ? ጭሱ የመጨረሻ ነው። ልጁ ያለበት ገና መጀመሪያው ላይ ነው።

ተከራዩ፣ እኔ በቆቃ፣ በላንጋኖ፣ በግቤ ወንዝ ሳጠምድ ነው ጸጉሬ የሸበተው። ባለቤቴም እንደ እማማህ አፍንጫዋ ስል ነው። ስለዚህ የምነግርህ ቤት ውስጥ ተፈትኖ ያለፈ ነው።

መጀመሪያ የሚሸተው የቱ እንደሆነ ለይ። «ሁሉም ይሸታል» ትላለህ። አይሸትም። አንዱ ወይ ሁለቱ ናቸው የሚሸቱት፣ ሌላው ከነሱ ጋር አብሮ እየዋለ ነው የተጋባበት። ዘንጉ ራሱ ፋይበር ነው፣ ምንም አይጠጣም። እንዲህ አድርግ። እያንዳንዱን ዕቃ ለየብቻው ፌስታል ውስጥ አስገባና እሰር። አይስቦክሱን ክዳኑን ግጠምለት። ፀሐይ ባለበት ግማሽ ቀን ይቀመጡ። ከዚያ አንድ በአንድ ፈትተህ አሽትት። ፌስታሉን ስትፈታ ወደ ኋላ የሚመልስህ እሱ ነው ጥፋተኛው። በአንዱና በሌላው መሀል ውጣና ንጹህ አየር ውሰድ፣ አፍንጫ ቶሎ ይለምዳል።

ሁለተኛ፣ የፈላውን ውሃ ተው። ዕቃህ ላይ የቀረው ልጋግ፣ ደምና ቅርፊት ነው። ደም የነካው ነጠላ በፈላ ውሃ ሲነከር ምን እንደሚሆን እናትህን ጠይቃቸው። እዚያው ይበስላል፣ ይጣበቃል። መጀመሪያ ሁልጊዜ ቀዝቃዛ ውሃ ነው። ልጋጉ ከለቀቀ በኋላ ለብ ያለ ውሃ በሳሙና ይከተላል።

መረቡ ላይ ልቆይ፣ ብዙ ሰው የሚሸነፈው እዚያ ነው። የናይለን መረብ ሽታ ቋጠሮው ላይ ነው ያለው። ደርቆ ሳለ ወጥረህ ያዘውና አንድ ቋጠሮ በቅርበት እይ። ነጭ፣ እንደ ደረቀ ሙጫ ያለ ነገር ታገኛለህ። በጥፍርህ ብትፍቀው ይነሳል። ያ የአሳ ልጋግ ነው። ሲደርቅ ዝም ይላል፣ ሲረጥብ ይነቃል። «ትንሽ እርጥበት ሲነካው ይቀጥላል» ያልከው ይኸው ነው። በደረቁ በጠንካራ ብሩሽ ጥረገው፣ ብዙው እዚያው ይራገፋል። ከዚያ በሳፋ ቀዝቃዛ ውሃና ትንሽ ላርጎ ውስጥ አንድ ሰዓት ይዘፍዘፍ። እንደ ልብስ እሸው። ውሃው ሲደፈርስ ድፋው። ቀጥሎ አንድ ኩባያ አቼቶ በአራት ኩባያ ውሃ በጥብጥና 20 ደቂቃ ይቀመጥበት። አለቅልቀህ ጥላ ሥር ንፋስ ላይ ስቀለው። ፀሐይ ላይ ቀኑን ሙሉ አታውለው፣ ናይለን በፀሐይ ይደክማል። አንድ ቀን ትልቅ አምባዛ ይዞልህ ይቀደዳል።

ቡሹን ግን እንዳትዘፈዝፍ። ያብጣል፣ ማጣበቂያውም ይለቃል። አንድ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ በጥቂት ጠብታ ውሃ ለውሰህ በለስላሳ የጥርስ ብሩሽ በክብ በክብ እሸው። ግራጫ አረፋ ይወጣል። በእርጥብ ጨርቅ ጥረገውና በሎሚ ውሃ ደግመህ አብሰው። ቡሹ ወደ መጀመሪያው ቀለሙ ሲመለስ ታየዋለህ።

ሪሉን፣ ዘንጉ ላይ ያለውን የክር መጠቅለያ፣ ውሃ ውስጥ አትክተተው። ክር የሚጠቀለልበትን አውልቅና አካሉን በእርጥብ ጨርቅ ብቻ ጥረገው። ክሩን ግን አትርሳው። አሳ ስታወጣ የመጀመሪያው ከ20 እስከ 30 ሜትር ክር ልጋጉን እየጠረገ ተመልሶ ይጠቀለላል። ክሩን እየሳብክ በሁለት ጣትህ በያዝከው እርጥብ ጨርቅ መሀል አሳልፈው። ጨርቁ ላይ የሚቀረውን አይተህ ፍረድ። ሲደርቅ ለሪሉ አንድ ጠብታ የስፌት መኪና ዘይት ስጠው።

አይስቦክስ ሲሸት ሰው ሁሉ ውስጡን ይፈትጋል። ሽታው ያለው የክዳኑ ጎሚኒ ሥርና ውሃ መውጫው ቀዳዳ ውስጥ ነው። ጎሚኒው የሚወልቅ ከሆነ አውልቀው፣ ጉድጓዱን በጥርስ ብሩሽ አጽዳ። የማይወልቅ ከሆነ ጨርቅ በስክሪብቶ ጫፍ ጠቅልለህ ዙሪያውን ሂድበት። ስታስቀምጠው ክዳኑን አትግጠም። በእንጨት ከፍተህ አቁመው።

መንጠቆዎቹን አቼቶ ውስጥ አታቆያቸው፣ ይዝጋሉ። በሳሙና ውሃ አለቅልቀህ አድርቃቸው። እርሳሱን ደግሞ ሰላጣ በምታጥብበት ሳፋ እንዳታጥብ። መርዝ ነው። ከነካህ በኋላ እጅህን ታጠብ።

የውሃውን ነገር በተመለከተ አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ይበቃሃል። ቅደም ተከተሉን ብቻ ጠብቅ። መጀመሪያ ዘንጉና ሪሉ በጨርቅ፣ ቀጥሎ አይስቦክሱ፣ መጨረሻ መረቡ። የአይስቦክሱ ማለቅለቂያ ለመረቡ የመጀመሪያ መዘፍዘፊያ ይሆናል።

ከሁሉ የሚቀለው ግን እዚያው ሐይቁ ዳር ማለቅለቅ ነው። ልጋጉ ሳይደርቅ ያለ ሳሙና፣ በባዶ ውሃ ብቻ ይወርዳል። ሳሙና ሐይቅ ውስጥ አትክተት። የላንጋኖ ውሃ ቡናማ ነው ብለህ አትጠራጠር፣ አፈር ነው፣ ሲደርቅ ይራገፋል። ባቱ ላይ ቢልሃርዚያ ስላለ ከቤት በያዝከው ጀሪካን አለቅልቅ እንጂ ሐይቁ ውስጥ ገብተህ አትቁም። ጫሞ ከሄድክ ደግሞ ዳር ላይ ተጎንብሰህ መረብ ማጠብ የሚባል ነገር አይታሰብ። አዞው ካንተ በላይ ልምድ አለው።

ቲቸር፦

ጋሼ የተናገሩት ሁሉ ልክ ነው። እኔ ኬሚስትሪ ስለማስተምር ምክንያቱን ልጨምር፣ ምክንያቱን ያወቀ ሰው በራሱ ይፈጥራል ብዬ ነው።

የበሰበሰ አሳ ሽታ አብዛኛው የሚመጣው አሚን ከሚባሉ ውህዶች ነው። ባክቴሪያ ልጋጉንና ደሙን ሲበላ ይፈጠራሉ። አሚኖች ቤዝ ናቸው፣ የአሲድ ተቃራኒ ማለት ነው። አሲድ ሲያገኙ ወደ ጨውነት ይለወጣሉ። ጨው ደግሞ በአየር አይተንም፣ አፍንጫህ ጋ አይደርስም፣ በውሃ ታጥቦ ይሄዳል። ሎሚና አቼቶ የሚሠሩት ለዚህ ነው። አሳ ላይ ሎሚ የምንጨምቀውም በከፊል ለዚሁ ነው። አምባዛ ላይ ያለው የጭቃ ጭቃ ሽታ ሌላ ነው። ጂኦስሚን ይባላል፣ ውሃው ውስጥ ያሉ ጥቃቅን ሕዋሳት የሚሠሩት ነው። እሱንም አሲድ ይሰብረዋል።

ቤኪንግ ሶዳ ግን ራሱ ቤዝ ነው። አሚኑን ምንም አያደርገውም። የሚጠቅመው ለሌላኛው ሽታ ነው፣ የአሳው ቅባት ቆይቶ ሲሻግት ለሚመጣው። ለዚህ ነው ቡሽ ላይ የሚሠራው፣ ቡሽ የሚይዘው የእጅና የአሳ ቅባት ነው። ስለዚህ ሁለቱንም ተጠቀም፣ ግን በተራ። ኢንተርኔት ላይ ሶዳና አቼቶ አንድ ላይ ደባልቀው አረፋው ሲገነፍል የሚያሳዩትን ተዋቸው። ለዓይን ያምራል እንጂ አንዱ ሌላውን አጥፍቶ የሚቀርህ ጨዋማ ውሃ ነው።

አሁን ዋናው። በረኪናና አቼቶ በፍጹም አይገናኙ። በረኪናና ሎሚም እንዲሁ። ክሎሪን ጋዝ ይወጣል። ሦስት በአራት ክፍል ውስጥ፣ በር ተዘግቶ፣ ይህ ቀልድ አይደለም። ለማጥመጃ ዕቃ በረኪና ጭራሽ አያስፈልግም። ናይለኑን ያደክማል፣ መንጠቆውን ያዝጋል፣ የሪሉን አሉሚኒየም ይበላል። ጓደኛህን በኔ ስም እንቢ በልልኝ።

ተከራዩ፦

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የፌስታሉን ፈተና ዛሬ አደረግኩት። እማማ በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው «ምን እየሠራህ ነው?» እያሉ ሲያዩኝ ነበር። በመጨረሻ እሳቸውም መጥተው አሸተቱ። እንዳሉት አፍንጫቸው ከኔ ይበልጣል።

ውጤቱን ልንገራችሁ። ዘንጎቹ ንጹህ ናቸው፣ ቡሹ ብቻ ትንሽ ይላል። የመንጠቆው ሳጥን ዝገት ዝገት ይሸታል እንጂ አሳ የለበትም። መረቡ መካከለኛ። አይስቦክሱ ጎሚኒው ጋ አፍንጫ ካልተጠጋ አይታወቅም። ቦርሳው ግን! እማማ ፌስታሉ ገና ሲፈታ በነጠላቸው አፍንጫቸውን ይዘው ሄዱ።

ገልብጬ ብፈትሸው ከታች፣ ከገበሩ ሥር፣ ቅርጹን እንዲይዝ የገባች ካርቶን አለች። እጅ አታስገባም፣ ስፌቱን በምላጭ ፈታሁት። ካርቶኗ ጠቁራለች፣ ረጥባለች፣ ሲጫኗት ውሃ ታወጣለች። ማዕዘኗ ላይ የቆሮሶ ቅርፊት ተለጥፏል። እርጥብ መረብ በተቀመጠባት ቁጥር ስትጠጣ የኖረችው እሷ ናት።

ካርቶኗ ተጥላለች። አሁን ጥያቄዬ ሸራው ነው። በቀዝቃዛ ውሃ ዘፍዝፌዋለሁ፣ ውሃው ሻይ መስሏል። በአቼቶ ውሃም አሳለፍኩት። ግማሹ ሽታ ሄዷል፣ ግማሹ አለ። ልጣለው ወይስ ተስፋ አለው? በካርቶኗ ፋንታስ ምን ላድርግ?

ከሲያትል፦

ወንድሜ እንዳትጥለው። እኛ ያለንበት ያለው ሽታ ካንተ ይብሳል። የባሕር አሳ ሥጋው ውስጥ የሚይዘው አንድ ውህድ አለ፣ ሲበላሽ ወደ ዋናው የአሳ ሽታ፣ ወደ ትራይሜቲላሚን ይለወጣል። የሐይቅ አሳ ያን ያህል የለውም። እዚህ በፈረንጆቹ ጎዶሎ ዓመት፣ 2023 እና 2025 እንደነበረው፣ ፒንክ ሳልመን የሚባል አሳ በብዛት ይመጣል። ያን ጊዜ ሐበሻው ሁሉ ዘንግ ይዞ ባሕር ዳር ነው። መንጠቆ ላይ የሚሰካው ሄሪንግ የምትባል ቅባታም አሳ ናት። የሷ ውሃ መኪና ምንጣፍ ላይ ከፈሰሰ መኪናውን መሸጥ ያምርሃል።

ለጨርቅና ለሸራ የሚሠራው ኢንዛይም ያለበት የልብስ ሳሙና ነው። ከውጭ አስመጣ እያልኩህ አይደለም፣ አትቆጣ። አዲስ አበባ ሱፐርማርኬት ውስጥ ካሉት የዱቄት ሳሙናዎች አንዳንዶቹ አላቸው። ጀርባውን አንብብ፣ «ኢንዛይም» ወይም «ፕሮቲዬዝ» የሚል ፈልግ። ፕሮቲኑን ቆራርጦ ያሟሟዋል። ሁለት ነገር ጠብቅ። ውሃው ለብ ያለ ብቻ ይሁን፣ የፈላ ውሃ ኢንዛይሙን ይገድለዋል። ደግሞ ጊዜ ስጠው። ማታ ዘፍዝፈህ ጠዋት እጠበው። አቼቶውን ከሳሙናው ጋር አንድ ላይ አታድርግ፣ መጨረሻ ላይ ለብቻው።

የጨው ውሃ ላይ የሚያጠምድ ካለ እግረ መንገዴን ልናገር። እኛ ዘንግና ሪል በንጹህ ውሃ የምናለቀልቀው ለሽታ ብቻ አይደለም። ጨው ካደረበት ሪሉ በአንድ ክረምት ያልቃል። ገልፍ ያላችሁ ልጆች ይህን ታውቁታላችሁ።

የሐዋሳ ልጅ፦

ስለ ዕቃው ብዙ ተባለ፣ ስለ እጁ ማንም አልተናገረም። እኔ ያደግኩት አሞራ ገደል አካባቢ ነው። አሳ ስገፍ፣ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ከኋላዬ ተሰልፈው የሚጣልላቸውን ሲጠብቁ ነው የኖርኩት። ከዚያ በዚያው እጅ ደብተር ይዤ ትምህርት ቤት መግባት ነበረብኝ። ስለዚህ የእጅ ሽታ ጉዳይ ያልፈተንኩት የለም።

እጅህ ሳይጸዳ ያጸዳኸውን ቡሽ ትይዝና መልሰህ «አለቀቀም» ትላለህ። መጀመሪያ በቀዝቃዛ ውሃ ብቻ ታጠብ፣ ያለ ሳሙና። ከዚያ ግማሽ ሎሚ ውሰድና ጨው ነስንሰህበት ጥፍሮችህን ሎሚው ውስጥ አስገብተህ አሽከርክር። ሽታው የሚደበቀው መዳፍ ላይ ሳይሆን ጥፍር ሥር ነው። ከዚያ ሳሙና። መንጠቆ የወጋው ጣት ካለህ ጩኸትህን ሰፈሩ እንዳይሰማ ተዘጋጅ።

የቢላው እጀታ እንጨት ከሆነ እሱም በሎሚና በጨው ይታሻል። የመክተፊያው ጣውላም እንዲሁ።

ለቦርሳው ደግሞ ከታጠበ በኋላ የደረቀ የቡና አተላ በጨርቅ ቋጥረህ ውስጡ አስቀምጥ። ወይ ከሰል። እናቴ የአሳ ማስቀመጫ ፍሪጃችን ውስጥ ከሰል አታጣም ነበር።

ቲቸር፦

እህቴ፣ በእጁ ነገር እጄን ሰጥቻለሁ። በከሰሉ ግን ትንሽ ልከራከርሽ። የምድጃ ከሰል ሽታ ይይዛል፣ ግን ጥቂት ነው። ብዙ የሚይዘው በፋብሪካ ተዘጋጅቶ የነቃው ከሰል ነው። የቡና አተላም እርጥበት ከቀረበት በራሱ ይሻግታል፣ ያኔ ሁለት ሽታ ሊሆንበት ነው።

የሐዋሳ ልጅ፦

«የደረቀ» ብያለሁ እኮ ቲቸር። ከሰሉንም አሳ ከነቅርፊቱ ያደረበት ፍሪጅ ውስጥ ሞክሪውና እንነጋገር።

አሮጌው ዘንግ፦

ሁለታችሁም ልክ ናችሁ፣ ከሰል ቢያስቀምጥ አይጎዳውም። ብቻ እንዲሁ ቦርሳው ውስጥ ሳይበተን በጨርቅ ከረጢት ይሁን፣ ጥቁረቱ መረቡን እንዳያበላሽበት።

ተከራዩ፣ ስለ ካርቶኑ የጠየቅከውን ማንም አልመለሰልህም። አሮጌ ጀሪካን አለህ? ጎኑን በቢላ ቁረጠው፣ በቦርሳው ወለል ልክ። ማዕዘኖቹን ክብ አድርጋቸው፣ ሸራውን እንዳይወጉት። ውሃ አይጠጣም፣ ስትመለስ አውጥተህ በጨርቅ ጠርገህ ትመልሰዋለህ። ገበሩን መልሰህ አትስፋው፣ ክፍት ይሁን። ከታች በኩልም ጫማ ጠጋኝ ጋ ወስደህ ሁለት ቀዳዳ በቀለበት አስመታው፣ ውሃው የሚወጣበት።

ከሁሉ በላይ ግን እርጥብ መረብ ቦርሳ ውስጥ አይገባም። ለብቻው በማዳበሪያ ከረጢት አድርገው። እሱ ያስተነፍሳል፣ ታጥቦም ይደርቃል፣ ካስጠላህም ይጣላል።

ተከራዩ፦

ኢንዛይም ያለበት ሳሙና ሦስተኛው ሱፐርማርኬት ላይ ተገኘ። ጀርባውን ሳነብ ሻጯ «ምን ሆነሃል?» ብላኛለች። ሌሊቱን ተዘፍዝፎ አደረ፣ ጠዋት ታጠበ፣ በአቼቶ ውሃ አለፈ፣ ማስጫ ገመድ ላይ ዋለ። እማማ ራሳቸው ጠርተው አሸተቱት። «አሁን የሚሸተው ሰላጣ ነው፣ ሰላጣ ደግሞ የጾም ነው» አሉኝ። ቦርሳው ገብቷል።

መረቡንም ጋሼ እንዳሉት ቋጠሮ በቋጠሮ አጸዳሁት። ነጩ ነገር እውነትም በጥፍር ይነሳል። ክሩን በጨርቅ ሳሳልፈው ጨርቁ የሞተር ዘይት የነካው መሰለ። አይስቦክሱ ብቻ ቀርቷል። ጎሚኒው አልወልቅ አለኝ፣ በስክሪብቶ እየዞርኩበት ነው።

ፍላሽ፦

እንግዲህ ጋኑ ታጠበ። አሁን ወይራ ይፈቀዳል ወይ ጋሼ?

አሮጌው ዘንግ፦

አሁን ይፈቀዳል። ቦርሳውን ብቻ። ናይለኑን ጭስ ላይ ካደረግከው ይቀልጥና ሌላ ጥያቄ ይዞ ይመጣል።

ተከራዩ፦

አንድ የመጨረሻ። የጎማ ቦቴ ጫማዬስ? እሱ አሳ ሳይሆን እግርና አሳ ነው።

የሐዋሳ ልጅ፦

ውስጡን በለብታ ውሃና በሳሙና እጠብ፣ በአቼቶ ውሃ አለቅልቅ፣ ጋዜጣ ጠቅጥቀህ ገልብጠህ አቁመው። ጋዜጣውን ማታ ቀይር፣ አንድ ጊዜ አይበቃውም። ካልሲውን ግን በውጭ ተወው፣ ድመቶቹ ይውሰዱት።